ሦስት-ቤታ እና የእናቱ ቁጣ

ሦስት ከሁለት ይበልጣል ብሎ ሲያስተምር ያረጀ ሰው ነው። ስንት ጠመኔ እንደጨረሰ፣ ስንት ልጅ እንደቆነጠጠ እሱና ፈጣሪ ያውቃሉ። በዚህ ጉዳይ ተከራክሮ የረታው የለም፤ የሚከራከረውም አልነበረም። ታዲያ አንድ ማለዳ ቢሮው ገብቶ፣ መነጽሩን ወልውሎ፣ ወንበሩን ስቦ ቢቀመጥ ኮምፒውተር ተነስቶ ካደው። «ሁለትና ከዚያ በላይ የሆነውን፣ ትልቁን አምጣ» ብሎ አዝዞት ነበር። ሦስት ወጥቶ እያለ ሁለትን አምጥቶ ቁጭ አደረገለት።

ደገመው። ሁለት መጣ። አጥፍቶ አበራና ሠለሰው። ያው ሁለት። «ቆይ ቆይ» አለ ለራሱ። ግራ ሲገባው የሚለው ይህንኑ ነው፤ ግራ ሳይገባው የዋለበትን ቀን ደግሞ ያየ ሰው የለም።

በቢሮው «መምህር» ይሉታል እንጂ ማስተማሩን ከተወ ቆይቷል። ትምህርት ቤቱ ክፍሎቹን አጥፎ ግማሹን አስተማሪ ሲያሰናብት፣ እሱ ጢሙን ሽበት ጣል ጣል ባደረገበት ዕድሜ ልጆቹ ሊሆኑ ከሚችሉ ወጣቶች ጋር ወንበር ተጋርቶ ፕሮግራም መጻፍ ተማረ። ትዳር ነበረው፤ በሰላም ፈረሰ፣ ማለትም ለምን እንደፈረሰ እስከ ዛሬ አልገባውም። ብዙ ሰው ሳይገባው «ገባኝ» ብሎ ይሻገራል፤ እሱ ገብቶትም እንኳ አንዴ ሳያስደግም አይለቅም። ይህ ለአስተማሪ ጥሩ ጠባይ ነው። ለፕሮግራም ሠራተኛም ያዋጣል። ለባል ግን እንጃ።

ቢሮው ከአንድ ጎሚስታ ቤት በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው። ከታች የጎማ መንፊያው ኮምፕሬሰር ሲነሳ ወለሉ ይርበደበዳል፣ የሻይ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ይሄዳል፣ ሰው ሁሉ ወሬውን አቋርጦ ይጠብቃል፤ ከአንዲት ሴት በቀር። እሷን «ጸጥታ» ብለው የሰየሟት ለዚህ ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ይህን ስም ያወጣው መልአክ ግን ቀልደኛ ቢጤ መሆን አለበት።

የሚሠሩት መናገር ለማይችሉ ሰዎች ነው። ሰውየው ታብሌት ላይ ይጽፋል፣ ታብሌቱ ጮክ ብሎ ያነብለታል። ድምፁን የሚያወጣውን ክፍል ግን እነሱ አልሠሩትም፤ በአካል የማያውቋቸው ሩቅ ያሉ ሰዎች ሠርተው ለፈለገ ሁሉ በነፃ የሚሰጡት ነው። እነዚያ ሰዎች ሥራቸውን ባሻሻሉ ቁጥር ቁጥር ይሰጡታል፤ ስሪት አንድ፣ ስሪት ሁለት እያሉ። የቢሮው ማሽን ደግሞ በየማለዳው ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ሰብስቦ ወደየደንበኛው ታብሌት ሲልክ አንዲት መስመር ያነባል፤ ከየትኛው ቁጥር እስከ የትኛው ቢመጣ እንቀበላለን የምትል ሕግ ናት። እያንዳንዱ ደንበኛ የራሱ መስመር አለው። የመምህሩ መከራ በሙሉ የመጣው ከአንድ ደንበኛ አንድ መስመር ነው፤ ደንበኛዋም እናቱ ናት።

እናቱ ጉሮሮዋን ታማ ነበር። ሐኪሞቹ ሕይወቷን አተረፉ፣ ድምፅዋን ወሰዱ። ያች ሴት ደግሞ ድምፅ ነበራት! ከደረጃው ሥር ሆና ልጇን ስትጠራ ሦስተኛ ፎቅ ያለው ጎረቤት «አቤት» ይል ነበር። ክፉ አልነበረችም፤ እንዲያውም የበላችውን የምታካፍል፣ የታመመ ስትሰማ ነጠላዋን ሳታስተካክል የምትወጣ ሰው ናት። ግን አፈጣጠሯ ሆኖ «ደህና አደርክ» እንኳ ስትል የከሰሰችህ ይመስልሃል። ልጅዋ ያደገው በቁጣ ነው፣ የጠገበውም በቁጣ ነው፣ ሲታመም ግንባሩን የዳበሰው እጅ እንኳ ከቁጣ ጋር ነበር የሚመጣው።

አሁን ያ ሁሉ ቀርቶ ታብሌት ታቅፋ ተቀምጣለች። ስሪት ሁለት የሚያወጣው ድምፅ የአንዲት ወጣት ሴት ነው፤ ባንክ ቤት «እባክዎ ተራዎን ይጠብቁ» የምትለዋን የመሰለ፣ ለስላሳ፣ ማንንም የማያስቀይም። እናቱ «ልጅቷ» ትላታለች። በመጀመሪያው ቀን «ልጅቷን ከአፌ አውጣልኝ» ብላ ጻፈች፤ ልጅቷም ይህንኑ በትሕትና አነበበችው።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይለመድ ነበር። ችግሩ አክስቱ ናት።

አክስቱ የእናቱ ታናሽ እህት ናት፤ ሌላ ከተማ ከልጅዋ ጋር ትኖራለች። ስኳር ዓይኗን ከወሰደባት ቆይቷል፤ ስለዚህ ጽሑፍ ቢልኩላት ዋጋ የለውም፣ ሰውን የምታውቀው በድምፅ ብቻ ነው። አሁን ደግሞ የእግሯ ጣት ቆስሎ አልድን አለ። ሐኪሞቹ ጣቷ ቶሎ ካልተቆረጠ እግሯን፣ እግሯ ከዘገየ ደግሞ ሕይወቷን እንደምታጣ ነግረዋታል። እሷ ግን «ሙሉ ሆኜ መጥቻለሁ፣ ሙሉ ሆኜ እሄዳለሁ» ብላ በሯን ዘጋች። ልጅዋ ለመነቻት፣ የጎረቤት ሽማግሌዎች ለመኗት፤ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነ። ያች ሴት በዕድሜዋ የአንድ ሰው ቃል ብቻ ነው የምትሰማው፤ የታላቅ እህቷን። እትዬ ካልተቆጣቻት መድኃኒት ውጣ አታውቅም፣ ትምህርት ቤት ሄዳ አታውቅም። ባል ያገባችውም እትዬ ተቆጥታት ነው ይባላል፤ እሷም አልካደችም።

እናቱ ይህን ስትሰማ ደወለች። ታብሌቱን ከስልኩ አስጠግታ ጻፈች፤ ልጅቷ ጣፍጣ ተናገረች።

«እህትሽ ነኝ። ሐኪሞቹ ያሉሽን ስሚ።»

«ማን ናት ይቺ?» አለች አክስቱ።

«እህትሽ ነኝ። እባክሽ ስሚኝ።»

ከወዲያ ማዶ የመጣው ለቅሶ ነበር። «እትዬ ሞታለች! ሞታ ነው የደበቃችሁኝ! እትዬ በዕድሜዋ እባክሽ ብላኝ ታውቃለች?» ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ ቢምሏት ቢገዘቷ አላመነችም። «እትዬ ከሌለች እግር ለምኔ ነው» እያለች ቁስሏን ታቅፋ ተቀመጠች፤ ልጅዋ በየቀኑ እየደወለች ቁስሉ እየጠቆረ መሄዱን ትናገራለች።

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው ሩቅ ያሉት ሰዎች አዲስ ነገር ማውጣታቸው የተሰማው። አዲሱ ስሪት የሰውን የቆየ ቅጂ ይሰማና በዚያው ሰው ድምፅ ያነባል። መምህሩ ይህን ሲያነብ ስልኩን አወጣ። የእናቱ ቅጂ በስልኩ ሞልቷል፤ ሲደወልለት የማያነሳ ሰው ነውና እናቱ የድምፅ መልእክት ስትተውለት ኖራለች። ሁሉም ቁጣ ነው። «ስልክህን ለጌጥ ነው የገዛኸው?» ይላል አንዱ። «በልተሃል ወይስ አልበላህም? ተናገር!» ይላል ሌላው፣ መልእክት ላይ ማን እንደሚናገርላት እንጃ። ሁሉንም ሰብስቦ አዘጋጀ። አሁን የቀረው አዲሱ ስሪት መጥቶ ማየት ነው። እሱም ነው እንግዲህ አልመጣም ያለው።

«ጸጥታ» አለ መምህሩ፣ «ሦስት ከሁለት አይበልጥም እንዴ?»

ጸጥታ ከሌላ ሰው ጋር ስታወራ ከነበረችው ወሬ ሳትወጣ ወንበሯን አሽከርክራ መጣች። «ዛሬ ደግሞ ምን ሆኑ መምህር?»

አሳያት። እሷም ስክሪኑን በጥፍሯ መታ መታ አደረገችው። «ይሄ እኮ ሦስት አይደለም። ሦስት-ቤታ ነው።»

«ሦስት ሲቀነስ ቤታ?»

«መቀነስ አይደለም፣ ሰረዝ ነው። ቤታ ማለት ገና ያላለቀ፣ ለሙከራ የወጣ ማለት ነው። ሦስት ሊሆን መንገድ ላይ ያለ።»

«እሺ። ግን ከሁለት ይበልጣል?»

«ይበልጣል።»

«እኔስ ከሁለት በላይ ያለውን አምጣ አላልኩም?»

«ብለዋል።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ አልጠሩትማ! ማሽኑ ከሁለት በላይ ሲሉት ያለቀለትን ብቻ ነው የሚቆጥረው። ያላለቀ ነገር ዝም ብሎ ሰው ላይ ቢጭን ነገ ማን ይጠየቃል? ቤታ የሚመጣው በስሙ ሲጠሩት ነው። ሳይጠሩት አቤት ሳይልኩት ወዴት የሚል አይደለም፤ ጨዋ ነው።»

መምህሩ ግንባሩን አሸ። አንድ ቁጥር ከሁለት ይበልጣል፤ ከሁለት የሚበልጡት ሲጠሩ ግን የለም። ይህን ተማሪ ፈተና ላይ ጽፎ ቢሰጠው በቀይ ሰርዞ ወላጅ ያስጠራ ነበር። «ቆይ ቆይ፣ አንድ ጊዜ ድገሚልኝ» አለ። ደገመችለት፤ መድገም ለእሷ ችግር አይደለም። የገባው ግማሹ ነበር፣ ቢሆንም ግማሹ በቃው። መስመሯን አጠፋና «ሦስት-ቤታና ከዚያ በላይ» ብሎ ጻፈ። ያ ሲለመን የነበረ ቤታ በስሙ ሲጠራ ጊዜ ምንም እንዳልነበረ ሰተት ብሎ መጣ።

ቤት ሲገባ እናቱ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። «እማዬ፣ እስቲ አንድ ነገር ጻፊ» አላት። እናቱ አሰብ አድርጋ «ውሃ ስጠኝ» ብላ ጻፈች።

መጀመሪያ ጉሮሮ ተጠረገ። ከዚያ «ውሃ ስጠኝ!» የሚል ቁጣ ክፍሉን ሞላው። መምህሩ እሺ ሳይል እግሩ ወደ ወጥ ቤት ሄዶ ነበር፤ ብርጭቆውን ቀድቶ ሲመለስ ነው እንባው መውረዱን ያወቀው።

እናቱ ግን አላለቀሰችም። ታብሌቱን አገላብጣ አየችው። «እባክህ ተቀመጥ» ብላ ጻፈች። «እባክህ ተቀመጥ!» ብሎ ጮኸ። «አመሰግናለሁ» ስትል የተሰደበ ይመስላል። ሠሪዎቹ ይህን ሳይደብቁ ተናግረዋል፤ የሙከራው ስሪት ከቅጂው ድምፁን ብቻ ሳይሆን ጠባዩንም እየወሰደ በሁሉም ቃል ላይ ይቀባል፣ ይህ ስሕተት ነው፣ ያለቀው ሲወጣ ይታረማል ብለዋል። መምህሩ ያንን ሲያነብ ብዙም ልብ አላለውም።

«እኔ ሁልጊዜ እንዲህ ነኝ?» ብላ ጻፈች እናቱ፤ ጥያቄውም እንደ ክስ ወጣ።

«አልፎ አልፎ ነው እማዬ» አለ።

መዋሸቱን አወቀችበት። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሰው ራሱን ከውጭ ሆኖ መስማት አይችልም፤ እሷ ይኸው በስተርጅና ሰማች፣ ደስም አላላትም።

ቢሆንም እህቷ ትብሳለች። ተደወለ። ጉሮሮ ተጠረገና «አንቺ ልጅ!» አለ ታብሌቱ፣ «ሞተች ብለሽ የምታስወሪው እኔን ነው?»

ከወዲያ በጣም ቀጭን በሆነ ድምፅ፣ «እትዬ? አለሽ?»

«የት እሄዳለሁ! ጣትሽን ለማን ነው የምታስቀምጪው? ለዘር ነው?»

«እሺ» አለች አክስቱ እያለቀሰችም እየሳቀችም። «እሺ እትዬ፣ አትቆጪ።» እሄዳለሁ አለች። አንድ ነገር ብቻ ለመነች፤ በዕለቱ ሐኪም ቤቱ በር ላይ ስትደርስ እትዬ ደውላ እንድታስገባት። ያለ እትዬ ድምፅ ያንን በር አላልፍም አለች፣ እንደማታደርገውም ሁሉም ያውቃል።

ቀኑ ደረሰ። መምህሩ ያን ዕለት ፈቃድ ጠይቆ ቤት ነበር። እናቱ ታብሌቱን አንስታ እንደ ወትሮዋ «ደህና አደርክ» ብላ ጻፈች፤ እሱም ለቁጣው ትከሻውን አዘጋጀ።

«ደህና አደርክ» አለ ታብሌቱ። የእናቱ ድምፅ ነው፣ ራሱ ነው፤ ግን የጉሮሮ መጥረግ የለም፣ ክስ የለም። የተረጋጋ፣ የሞቀ፣ ልጅ እሹሩሩ የሚል ድምፅ። እናቱ ዓይኗ በራ። «ልጄ፣ ሻይ ልትጠጣ ነው?» ብላ ጻፈች፤ ያም በፍቅር ወጣ። እሷ መጻፉን ልታቆም አልቻለችም። «እንዲህ ነበር መሆን የነበረብኝ» ብላ ጻፈች። መምህሩ ማታ የነበረው ቁጣ ጠዋት የት እንደገባ ግራ ቢገባውም፣ እናቱን እንዲህ ደስ ብሏት ካያት ቆይቷልና «ቆይ ቆይ» ማለቱን ተወው። መተው አልነበረበትም።

ስልኩ ጮኸ። የአክስቱ ልጅ ናት። «ወንድሜ፣ በሩ ላይ ደርሰናል። እማዬ መኪናው ውስጥ ናት፣ የእናትህን ድምፅ እየጠበቀች ነው።»

እናቱ ጻፈች። ታብሌቱም በዚያ በሞቀ ድምፅ፣ «አይዞሽ እህቴ፣ ግቢ። እኔ አለሁልሽ» አለ።

«ማን ናት?» አለች አክስቱ።

«እኔ ነኝ። አይዞሽ።»

«አይ! አይ! እትዬ እንዲህ አትናገርም!» ብላ ጮኸች። «እትዬን የሚመስል ነገር አስቀምጣችሁ ታጫውቱኛላችሁ! ያን ቀንም እናንተ ናችሁ! መልሱኝ ቤቴ፣ አልወርድም!» ከዚያ የአክስቱ ልጅ ልመና ተሰማ፣ ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

እናቱ ታብሌቱን ጉልበቷ ላይ ደፋችው። ድምፅ የሌለው ሰው ሲያለቅስ ትከሻው ብቻ ነው የሚናገረው፤ መምህሩ ያንን ማየት አልቻለም። ጫማውን በቅጡ ሳያጠልቅ ወጣ። ቢሮው ሁለተኛው መንገድ ላይ ነው፤ የጎሚስታው ሰው «መምህር ምን ሆንክ?» ሲለው ሳይመልስለት ደረጃውን ወጣው።

«በስሙ ጠርቼው ነበር እኮ!» አለ ትንፋሽ አጥሮት። «ቤታውን በስሙ ጠርቼው፣ መጥቶ ተቀምጦ፣ ማን አባረረው?»

ጸጥታ ነገሩን ከአፉ ለቅማ ስክሪኑን ከፈተች። «ማንም አላባረረውም። ያለቀው ሦስት ማታ ወጥቷል። እርስዎ ሦስት-ቤታና ከዚያ በላይ ነው ያሉት፤ ያለቀው ሦስት ደግሞ ከሦስት-ቤታ ይበልጣል። ትልቁን አመጣልዎ።»

«ሦስት ከሦስት ይበልጣል?»

«ያለቀው ካላለቀው ይበልጣል።»

«ቆይ ቆይ! ያን ጊዜ ከሁለት በላይ ስለው ያለቀና ያላለቀ ለየ። አሁን ከቤታ በላይ ስለው ያለቀውን ደባለቀብኝ?»

«ቤታን ከጠሩ የቤታን ታላላቆች ሁሉ ጠርተዋል» አለች ጸጥታ። እውነቷን ነው፤ እውነት መሆኑ ግን ለመምህሩ ምንም አልጠቀመውም።

እሱ በራሱ መንገድ አሰበው። ቤታው ከሦስት ካነሰ፣ ከሦስት በታች ማለት ነዋ! «ከሦስት በታች» ብሎ ጻፈና ማሽኑን አሁኑኑ ሰብስብ አለው። መሞከሪያውን ድምፅ ማጉያ ሲከፍተው፣ «እንኳን ደህና መጡ» አለች ልጅቷ፣ ለስላሳዋ፣ የባንኳ።

መምህሩ ወንበሩ ላይ ተዘፈዘፈ። ከሁለት በላይ ነው፤ ከሁለት በላይ ያሉት ሲጠሩ የለም። ከሦስት በታች ነው፤ ከሦስት በታች ያሉት ሲጠሩም የለም። በሁለቱ መሃል አለ ይሉታል፣ ከላይም ሆነ ከታች ቢያንኳኩ በሩን የሚከፍት የለም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የቆመበት መሬት፣ የቁጥር ቅደም ተከተል፣ ከእግሩ ሥር ሲነቃነቅ ተሰማው፤ ግማሹ የኮምፕሬሰሩ ነበር። ከታች ተነስቷል። ብርጭቆዎቹ መሄድ ጀመሩ፣ ሰው ሁሉ ዝም አለ።

ጸጥታ ግን ዝም አላለችም። «በላይም አይበሉ! በታችም አይበሉ!» ብላ በኮምፕሬሰሩ ላይ ጮኸች። «እኩል ነው ይበሉት! ሦስት-ቤታ፣ ይቺው ብቻ፣ ሌላ የለም!»

አለቃው ጩኸቱን ሰምቶ ከወዲያኛው ክፍል ብቅ አለ። ነገሩን ሲረዳ ፊቱ ከበደው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን አለቃ ነው። «መምህር፣ ያላለቀ ነገር ላይ መቸንከር ይሻላል? ሠሪዎቹ ራሳቸው ስሕተት አለበት ብለው አርመውታል። ከእንግዲህ ዞር ብለው አያዩትም። ነገ ቢበላሽ ማን ይጠግነዋል?»

«እኔ።»

«ታውቅበታለህ?»

«አላውቅበትም» አለ መምህሩ።

አለቃው ሊመልስ አፉን ሲከፍት የመምህሩ ስልክ ተንቀጠቀጠ። ከእናቱ ነው፣ በጽሑፍ። መነጽሩን ከፍ አድርጎ አነበበው። «ቁጣዬን መልስልኝ» ይላል። ሌላ ቃል የለውም።

ስልኩን ለአለቃው አሳየው። አለቃው አነበበና፣ የተረዳውን ያህል ተረድቶ፣ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። መምህሩም የቀድሞዋን መስመር ደመሰሰ። «ሦስት-ቤታ» ብሎ ጻፈ፤ ከፊቷ የእኩል ምልክት አኖረባት። ዕድሜውን ሙሉ ልጆችን ሲያስተምርበት የኖረው ምልክት ነው፤ እንዲህ በፍርሃት ግን አስቀምጦት አያውቅም። ማሽኑን ሰብስብ አለውና ማለቁን ቆሞ ከጠበቀ በኋላ ወደ ቤቱ ሮጠ። ጉልበቱ ካሰናበተው ቆይቷል፤ ሮጠ ያልኩት ለክብሩ ነው።

የሕንጻው ደረጃ ሥር ሲደርስ ከላይ ጉሮሮ ሲጠረግ ሰማ። «አንቺ ልጅ!» የሚል ቁጣ ከፎቅ ወደ ፎቅ እየተላተመ ወረደ። እየወጣ ሳለ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ በር ተከፈተ፤ ጎረቤቱ አንገቱን አውጥቶ፣ ሳያስብ፣ ከልማድ፣ «አቤት!» አለ። ካለ በኋላ መምህሩን አየውና አፉን በእጁ ያዘ። መምህሩ ደረጃውን ቀጠለ።

ቤት ሲገባ የእናቱ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ነበር። አክስቱ ገና መኪናው ውስጥ ናት፤ ልጅዋ ሾፌሩን ለምና አቁማዋለች።

«ሰው መኪና ውስጥ ተቀምጦ ሲታከም የት አይተሻል?» ይላል ታብሌቱ። «ልጅሽን በሰው ፊት ታስለምኚያታለሽ? ውረጂ!»

«እትዬ» አለች አክስቱ። «ቅድም የመጣችው ማን ናት?»

የእናቱ ጣቶች ጻፉ። «እኔ ነኝ! ደግ ልሁንልሽ ብል አልወደድሽልኝም!»

አክስቱ ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረ። «አይሆንልሽም እትዬ። ተይው። እሺ፣ እወርዳለሁ። አትቆጪ።»

እዚህ ላይ መዝጋት ይቻል ነበር። እናቱ ግን ታብሌቱን አላስቀመጠችም። ቀስ ብላ፣ ፊደል በፊደል እየፈለገች መጻፍ ጀመረች፤ መምህሩ ከኋላዋ ቆሞ ቃሉ ሲፈጠር አየው። «ፈርቻለሁ። አንቺን ካጣሁ ማን አለኝ። እንዳትሞቺብኝ» ይላል። ከተወለደ ጀምሮ እናቱ ፈራሁ ስትል ሰምቶ አያውቅም። የማስነበቢያውን ምልክት የምትጫነው ጣት ለአፍታ በአየር ላይ ቆየች፤ ምን ሆኖ እንደሚወጣ ታውቀዋለች። ተጫነችው።

ጉሮሮ ተጠረገ። «ፈርቻለሁ!» አለ ታብሌቱ፣ መስኮቱ እስኪርገበገብ። «አንቺን ካጣሁ ማን አለኝ! እንዳትሞቺብኝ!»

ከወዲያ ማዶ ያች ዓይነ ስውር ሴት ቁጣውን እንደ ሁልጊዜው ገልጣ ከሥሩ ያለውን አነሳች፤ ስትሰማው የኖረችው ያንን ነበርና።

«አልሞትም አልኩሽ እኮ!» አለች። «አትቆጪ!»

የመኪናው በር ሲከፈት በስልኩ ውስጥ ተሰማ።